ይድረስ ለእማዬ፣ ጅማ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ይህን ደብዳቤ ወንድሜ አሳትሞ ይሰጥሻል። እሱ እንዲያነብልሽ አልፈልግም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ «አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይነዘንዘኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። አልጋሽን እሷ ክፍል፣ መስኮቱ ጋ አድርገነዋል።

ግንቦት ላይ ብትመጪ ጥሩ ነው። ያኔ ቶሮንቶ ብርዱ ለቆ ዛፉ ሁሉ ይለመልማል። በጥር በረዶ አንቺን ማስኬድ አይታሰብም። ከቦሌ ስትነሺ አውሮፕላን መቀየር የለብሽም። መንገድ ላይ ለነዳጅ ካረፈ እንዳትደነግጪ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። የሊሙ ቡናሽን ያዢ፤ ቋንጣውን ግን ተይው፣ ሥጋ አያስገቡም። ኢንሱሊንሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፤ ከሻንጣ ጋር ከተጫነ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። እዚህና እዚያ በግንቦት የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ መርፌውን በስንት ሰዓት እንደምትወጊ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ይሄ ሁሉ ግን ምርመራውን ካደረግሽ ነው። ለወላጅ የሚሰጠው ሱፐር ቪዛ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል፤ ያለ ጤና ምርመራ ግን አይገኝም። እሱም አዲስ አበባ፣ ካናዳ የፈቀደችላቸው ሐኪሞች ዘንድ ነው። መጀመሪያ ጉልበቴ አልሽ። ቀጥሎ ዝናቡ። ቀጥሎ የጎረቤት ተዝካር። ለፓስፖርቱ ስትሮጪ የነበርሽው ሴትዮ ምን ነካሽ?

ስኳር ያለበት ሁሉ ይከለከላል ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ኢንሹራንሱንም እኔ እገዛለሁ፤ ሽፋኑ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር መሆን አለበት። ቅጹ ላይ ያለብሽን ሁሉ እጽፋለሁ። የደበቅነው በሽታ እዚህ ቢነሳብሽ አይከፍሉም።

እማዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ቪዛው አይደለም። አባዬ ታሞ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል» ትሉኝ ነበር። «አሁን ገና ጋደም አለ።» ስልኩን ስትቀባበሉት እሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የዚህ አገር የዕድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ። አንዷ ውሃ በጠርሙስ ይዛ ነበር፣ ስወድቅ ልታፈስብኝ። አባዬ ከተቀበረ ሰንብቷል። «ፈተና ላይ ስለነበርሽ ነው» አላችሁኝ። ፈተናው እኮ በሌላ ጊዜ ይደረስበት ነበር። እኔ ድምፁን ሳልሰማ ቀረሁ።

ሕርማታ ገበያ በርበሬ ቸርችረሽ ለዚህ እንዳበቃሽኝ አልረሳሁም። ቂም ይዤ አይደለም ይህን የምጽፈው። ግን አሁን ስደውል ወንድሜ «ተኝታለች» ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ! አንቺ ቀን ተኝተሽ አታውቂም።

በሚመጣው ሳምንት ከሱ ጋር አዲስ አበባ ሂዱ። በመኪና አትንገላቺ፤ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ለኔ ደውዪ። መምጣት አትችይም ካሉሽ ልጆቹን ይዤ እኔ እመጣለሁ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ራስሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ