ደብዳቤ ለልጄ፦ ሰውን በአንድ ቃል አትጨርሺው

ልጄ፣

ወንድምሽ ነገረኝ። ኢንተርኔት ላይ የቁርኝት መጠይቅ ሞልተሽ፣ ማለትም ሰው ከሚወደው ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ የሚጠይቅ፣ አንቺ «ስጉ» (ይተወኛል ብሎ የሚፈራ)፣ ያ ፍቅረኛሽ ደግሞ «አቮይዳንት» (መቀራረብ የሚሸሽ) ሆናችሁ ተገኛችሁ አሉ። በዚህ ምክንያት ልትለዪው ነው አሉ። ዓመታት ያወቅሽውን ሰው በአሥር ደቂቃ መጠይቅ? ሰውን በአንድ ቃል አትጨርሺው።

ነገሩን ንቄው እንዳይመስልሽ። ታውቂኝ የለ፣ እንቅልፌን አጥቼ አነበብኩት። ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን እያየ ነው የቁርኝትን ሐሳብ ያዳበረው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታጠና ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አዘጋጀች። እናት ልጇን ክፍል ውስጥ ትታ ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ዋናው ነገር ልጁ ስትመለስ እንዴት እንደሚቀበላት ነው። አንዱ አልቅሶ፣ ታቅፎ፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አንዱ እየተለጠፈባት ይራገጣል። አንዱ ደግሞ ቀና ብሎም አያያት፤ «አቮይዳንት» የሚሉት ይህን ነው። ምንም ያልመሰለው ነው የሚመስለው። የልብ ምቱ ሲለካ ግን የዚህም ልጅ ልብ እንደሌሎቹ ይሮጥ ነበር።

እዚህ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሕፃን አይገባም ብለው ከለከሉሽ። ስመለስ እጄን ዘረጋሁልሽ። አንቺ የአክስትሽን ቀሚስ ጨብጠሽ ፊትሽን አዞርሽ። «ረስታሻለች» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀን ቀን እንደ እንግዳ ታይኝ ነበር። ሌሊት ግን ትነቂና በጨለማው ፊቴን ትዳብሺኛለሽ። ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው ስንት ዓመት ረስታኝ ነበር ስል ኖርኩ።

የጥርስ ቀጠሮሽን እንዳትረሺው። ሕመሙ ስለጠፋ ድኗል ማለት አይደለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲንዲ ሀዛንና ፊሊፕ ሼቨር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። ጋዜጣ ላይ መጠይቅ አወጡ። ከመለሱት ሰዎች ከግማሽ በላዩ የተረጋጋ ዓይነት ሲሆን፣ ሩብ ያህሉ መቀራረብ የሚከብደው ነበር። ታዲያ ሩቡን ሰው ልትሸሺ ነው? ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያሉ ብዙ አጥኚዎች በመጠን ነው የሚያዩት፤ አንዱ ጋ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንሳል። ከአንዱ ጋር ሲሰጋ የኖረ ከሌላው ጋር ይረጋጋል። በአንድ ቃል አትጨርሺው የምልሽ ለዚህ ነው። ራስሽንም ጭምር።

አሁን ልቆጣሽ ነው። ሲዘገይብሽ ደጋግመሽ ትደውያለሽ። እሱ ይጨነቅና ዝም ይላል። ዝም ሲል አንቺ ይብስብሻል። ከዚያ «ልፈትነው» ብለሽ ስልክ ታጠፊያለሽ። ይሄ ልጅነት ነው። ስትፈሪ ፈርቻለሁ በይው። «ስትጠፋብኝ የተውከኝ ይመስለኛል» በይው። ብቻውን መሆን ሲፈልግ ይሁን፣ መቼ እንደሚመለስ ግን ይንገርሽ። ይህን ያህል መጠየቅ መለማመጥ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ደጋግመሽ ነግረሽው ደጋግሞ እምቢ ካለ ተለዪው፣ አልከለክልሽም። ባደረገው ነገር ተለዪው። መጠይቁ ባወጣለት ስም ግን አይሆንም።

ደግሞ በእኩለ ሌሊት መልእክት አትጻፊለት። ጽፈሽ አስቀምጪና ጠዋት አንብቢው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰድቦሽ፣ አስፈራርቶሽ ወይም እጁን አንስቶብሽ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ተይው። ያ የቁርኝት ጉዳይ አይደለም። ምንም ሳታስረጂው ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ። ትርፍ ቁልፉ አክስትሽ ጋ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ትከፍትልሻለች፣ ነግሬያታለሁ።

እናትሽ