ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ለምን ይጎተታል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሐዋሳ

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ማታ ስለሚንቀራፈፈው ኢንተርኔትና ስለ ሥራ ሰዓታችን ለውጥ

ጤና ይስጥልን። ከታቦር እስከ ሐይቅ ዳር፣ ከመናኸሪያ እስከ ቱላ በየቤታችሁና በየሥራ ቦታችሁ ኬብል ስንስብ፣ ራውተር ስንሰቅል የምታውቁን ባለሙያዎች ነን። ሰሞኑን ስልካችን ፋታ የሚያጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሆኗል። «ቪዲዮው ዝም ብሎ ይዞራል»፣ «ስብሰባ ላይ ድምፄ ይቆራረጣል»፣ «ቀን እኮ እንዲህ አይደለም!» ትላላችሁ። ጠዋት ባለሙያ እንልካለን። ጠዋት ሲደርስ ኢንተርኔቱ ይሮጣል። ያልተበላሸ ነገር ምን ብሎ ይጠግን? እናንተ የመመላለሻ ትከፍላላችሁ፣ እሱም አጨብጭቦ ይመለሳል።

ስለዚህ አሠራራችንን ቀይረናል። የማታን ችግር ለማየት ከእንግዲህ የምንመጣው ማታ ነው። ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ራውተርም ሆነ ኤክስቴንደር (የዋይፋይ ማራዘሚያ) አንሸጥላችሁም። ይህ ለሱቃችን ገቢ የምሥራች አይደለም። ግን ከውጭ ቀጥኖ የመጣን ኢንተርኔት ኤክስቴንደር አያወፍረውም።

ለመሆኑ ማታ ምን ይፈጠራል? ማንኛውም ኢንተርኔት አቅራቢ አንዱን አቅም ለብዙ ሰው ነው የሚሸጠው። ሰርግ ደጋሽ ካርድ ሲበትን የተጠራው ሁሉ በአንድ ሰዓት እንደማይመጣ ገምቶ ወንበር እንደሚከራየው ማለት ነው። ይህ የሐዋሳ ወይም የአገራችን ብቻ ጉድ አይደለም። የቤት ኢንተርኔት በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው የሚሸጠው፤ ዋጋው የሚቀመሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ግን ሠራተኛው ከሥራ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ይገባል። ስልኩም ቴሌቪዥኑም አንድ ላይ ይከፈታል። ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ካለ ደግሞ አይነሳ። አቅራቢው አቅሙን ሳያሳድግ አዲስ መስመር መሸጡን ከቀጠለ ወንበሩ እያነሰ ይሄዳል። እኛን የሚያበሳጨን ይሄኛው ነው። ደውላችሁ ስትጠይቁ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» መባሉ ደግሞ ሌላ ብስጭት።

ብዙ ሰው «ፋይበር አስገብቼ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ይለናል። ፋይበሩ ጥፋት የለበትም። በብዙ አገር ለመኖሪያ ቤት የሚዘረጋው ጂፖን የሚባለው ዓይነት ነው። ከማዕከሉ የሚነሳው አንድ የፋይበር ክር በሰከንድ ወደ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል። ሰፈር ሲደርስ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ለ32 ብታካፍሉት ለአንድ ቤት ወደ 78 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ያውም ሁሉም ቤት በአንዴ ቢከፍት። ስለዚህ 20 ሜጋ የገዛ ሰው ማታ ወደ 3 ሲወርድበት ማነቆው አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ አይደለም። ከዚያ በላይ፣ ማዕከሉን ከሌላው ኔትወርክ በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው።

በድሮው የስልክ መዳብ የምትጠቀሙ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ከማከፋፈያው ሳጥን በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ያ ግን ቀንም ማታም ያው ነው። ሲም ካርድ በሚገባበት ራውተር የምትጠቀሙት ደግሞ ማማውን ከሰፈሩ ስልክ ሁሉ ጋር ስለምትጋሩ የማታው ግፊያ ቶሎ ይሰማችኋል።

አንዳንዴ ዩቲዩብ ደህና እየሠራ ከውጭ አገር ሰው ጋር የምታደርጉት ስብሰባ ብቻ ይቆራረጣል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ትላልቆቹ የቪዲዮ ኩባንያዎች ብዙ ሰው የሚያየውን ቪዲዮ ቀድተው በየአገሩ ኔትወርክ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስብሰባው ግን እስከ ውጭ ድረስ መሄድ አለበት። ባሕር ስለሌለን ደግሞ በጎረቤት አገር አቋርጦ ነው የባሕር ስር ኬብል ጋ የሚደርሰው።

«ሆን ብለው ነው የሚቀንሱብን?» ብላችሁም ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት የተባለው ኩባንያ ቢትቶረንት በሚባለው የፋይል መለዋወጫ የሚጠቀሙ ደንበኞቹን እያደናቀፈ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ተደረሰበት። በ2008 የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቁም አለው። በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤት «ኮሚሽኑ ለዚህ ሥልጣን የለውም» ብሎ ውሳኔውን ሻረው። እኛ ከዚህ ሆነን የአቅራቢውን ጓዳ ማየት አንችልም። ምልክት ግን እናያለን። ሁሉም ነገር ማታ ብቻ አብሮ ከተንቀራፈፈና ፒንጉ (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ከጨመረ፣ መጨናነቅ ነው ብለን እንጠረጥራለን። አንድ ዓይነት አገልግሎት ብቻ ማታ ማታ ተለይቶ የሚጎተት ከሆነ አቅራቢውን ለምን ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ብዙ ከተጠቀማችሁ በኋላ ቀንም ማታም አንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የአጠቃቀም ገደብ ሊኖርበት ይችላል።

ማታ ስንመጣ የምናደርገው ቀላል ነው። ዋይፋዩን እናጠፋለን። ላፕቶፓችንን በኬብል ከአቅራቢው ሳጥን ጋር በቀጥታ አገናኝተን እንለካለን። ከዚያ ዋይፋዩን አብርተን ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ደጅ እየዞርን እንለካለን። በኬብል ደህና፣ በዋይፋይ ደካማ ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ያ የእኛ ሥራ ነው። በሁለቱም እኩል ከወረደ ከውጭ ነው።

ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን እንግዶቹ ስላማረሩት ትልቅ ፓኬጅ ሊገዛ ነበር። ያለው 20 ሜጋ ነው። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በኬብል ስንለካ 18 አሳየ። ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ በዋይፋይ ግን 2 እንኳ አልሞላም። ራውተሩ የት ነበር? ሪሴፕሽን፣ ከብረት ካዝናው ጀርባ። ወደ ላይ ኬብል ስበን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን) ሰቀልን፤ ፓኬጁ እዚያው 20 ላይ ቀረ። ታቦር አካባቢ ከቤቷ ለውጭ ድርጅት የምትሠራ ደንበኛችን ጋ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማታ በኬብልም በዋይፋይም ያው 3። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ወደ 20 ይመለሳል። እዚያ ቤት የሚጠገን ነገር የለም። የመመላለሻም አልተቀበልናትም።

ዋይፋይ ራሱም ማታ እንደሚያስቸግር ግን አትርሱ፤ በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። ጎረቤቱ ሁሉ ራውተሩን የሚያጣድፈው በእናንተው ሰዓት ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አሥር ቤት ሦስቱን ሲሻማ አስቡት። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ቀይሩ፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ደከም ይላል እንጂ ሰፊ ነው። ማይክሮዌቭ በዚያው በ2.4 አካባቢ ስለሚሠራ ይረብሻል። የእንጀራ ምጣድ ግን ንጹህ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰበት ቤት አይተናል። ውሃ የሞላ ሮቶና ቆርቆሮ ሲግናል ይውጣሉ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የራሱን ስልክ ነው። ማታ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። የመጫኛው መስመር ጠባብ ስለሆነ እሱ ሲሞላ ማውረዱም አብሮ ይታነቃል። ፎቶው ሁላችሁም ከተኛችሁ በኋላ እንዲጫን አድርጉት። በነጻ ነው።

ችግሩ ከውጭ ከሆነ በእጃችሁ ማስረጃ ይኑር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በኬብል የተለካውን ፍጥነትና የገዛችሁትን ፓኬጅ ጽፈንና ማኅተም አድርገን እንሰጣችኋለን። ያንን ይዛችሁ ለአቅራቢያችሁ አመልክቱ፤ የቅሬታ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ። መልስ ካጣችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ቅሬታ አቅርበን ምን ለውጥ ይመጣል የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግሊዝ አገር ቀድሞ አቅራቢ አንድን ፍጥነት በማስታወቂያ ለመናገር ከመቶ 10 ደንበኛ ቢያገኘው ይበቃ ነበር። ሰው ሲያማርር ኖሮ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ ግማሹ ደንበኛ በጭንቁ ሰዓት የሚያገኘው መሆን አለበት ተባለ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ነው፤ እናንተ የምትደውሉልን ሰዓት። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በፈቃዳቸው የፍጥነት ስምምነት ውስጥ የገቡ የዚያው አገር አቅራቢዎች ቃል የገቡትን ዝቅተኛ ፍጥነት ካላሟሉና በ30 ቀን ውስጥ ካላስተካከሉ፣ ደንበኛው ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል።

ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊትም ደውሉልን። መጨናነቁ ከላይ ከሆነ 20ውን 40 ማድረግ ሒሳቡን እንጂ ማታውን ላያሳድገው ይችላል። አቅራቢ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ «ስንት ሜጋ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማታ 3 ሰዓት ላይ ስንት ይደርሰኛል?» በሉ። ሻጩ ሲንተባተብ ካያችሁ አትቸኩሉ።

የማታ ጉብኝት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት። ቀን ላይ ደውላችሁ አስይዙ። ቅዳሜን ፔንሲዮኖችና ካፌዎች ቶሎ ስለሚይዙት የግል ቤት ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላችኋል። ባለሙያው ሲመጣ የአቅራቢው ሳጥን ያለበት ክፍል ክፍት ይሁን፣ የራውተሩን የይለፍ ቃል አዘጋጁ፣ ውሉንም ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

ከሰላምታ ጋር
የሱቁ ባልደረቦች