ግራጫ ላይ ቆማለች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ጋራዡ ሁሉም ሰላም ነው? «እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ እንደ ድሮው ልጀምር ነበር፤ ግን አራት ዓመት ዝም ያለ ሰው ስለ ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል? ይህችን ልዝለላት።

የእናታችንን ዕረፍት የሰማሁት በማግስቱ ነው። ያን ቀን ስልኩን ሳነሣ ሳስቀምጥ መሸ። በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ተውኩት። አርባቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ «ነፍስ ይማር» ማለት አሳፈረኝ፤ ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ደግሞ ለምን እንዳፈርኩ ማስረዳቱ ሌላ ዕዳ ሆነብኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። ምን ስሠራ እንደከረምኩ ስነግርህ ራስህ ትፈርዳለህ፦ የጠፈር መርከብ እቀባለሁ።

ሳቅ፣ ተፈቅዶልሃል። ስንዝር የማትሞላ የሬዚን መርከብ ናት፤ አሥራ አንድ ቁራጭ ሆና በሳጥን የመጣች። ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የሚጠነክር ነገር ነው፤ አንተ የተሰበረ መከላከያ በፋይበር ስትጠግን የምታፈስሰው የሩቅ ዘመዱ ነው። ኖቲንግሃምን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሮቢን ሁድ ነው፤ የእኔ ቢጤዎች ግን በእነዚህ ጥቃቅን ምስሎች ነው የሚያውቋት። ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው የዚህ ጨዋታ ትልቁ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ነው። ጎልማሳ ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው በእነዚህ ምስሎች ጦር ይማዘዛሉ። ጨዋታው እኔን አይገባኝም፤ የሳበኝ የእጅ ሥራው ነው።

የመጀመሪያዋን አበላሸኋት። ከሳጥን አውጥቼ፣ አጣብቄ፣ በዚያው ምሽት ቀባኋት። በሦስተኛው ቀን ክንፏ ላይ ቀይ መስመር ላወጣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ስልጠው ቀለሙ ከነመሠረቱ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሥቶ መጣ። ለካ ሬዚኑ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚያደርጉበት ቅባት አለ፤ እርሱ ላይ ነበር የቀባሁት። ድምፅህን ያኔ ሰማሁት። አጎታችን ጋራዥ ውስጥ ያችን ሰማያዊ ቮልስ ሳላጥብ ስቱኮ ልለጥፍባት ስል «ቅባት ላይ? ዳቦ ልትጋግር ነው እንዴ?» ብለህ የጮኽህብኝ።

አሁን መጀመሪያ አጥባለሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ቁራጮቹ ሳህኑ ውስጥ ሲንሳፈፉ ሳይ የእናታችን ሳፋ ትዝ ይለኛል፤ ነጠላቸውን የዘፈዘፉበት ውስጥ የሽቦ መኪናችንን ከነጭቃዋ የነከርንበት ቀን። በነጠላ ጫማ እየተወረወርን ከግቢ ወጣን። በማግስቱ ግን ክር ያለቀባቸውን አራት የእንጨት መጠቅለያዎች በር ላይ ደርድረውልን አገኘን፤ ጎማ እንዲሆኑን። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ያንን መጻፍ ነበረብኝ በአርባቸው፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ወደ መርከቧ ልመለስ። የግራ ክንፏ ደርቆ እንደ ከረመ እንጀራ ጠርዟ ወደ ላይ ተጣጥፎ ነበር። ሬዚን ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ነክሬ መስታወት ላይ አስተኝቼ በጣቴ ያዝኳትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኳት። እንደ ቀናች ቀረች። ስትቀዳ የታመቀ አየር የተወውን ቀዳዳ፣ ከሰሊጥ ያነሰ ነው፣ በስቱኮ ደፈንኩ። ስቱኮ ስልህ ያንተ ሙሉ ጣሳ አይምሰልህ፤ በስንጥር ጫፍ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የምፍቀው በውሃ እያራስኩ ነው፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። አንተ ግን ዛሬም አፍንጫህን በሻሽ ሸፍነህ እንደምትረጭ እገምታለሁ። ደህና ማጣሪያ ያለው ማስክ እልክልሃለሁ፤ አትከራከረኝ።

ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሸጠው ማጣበቂያ እዚህ ዋጋ የለውም። እርሱ የሚያያይዘው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፤ ሬዚን አይቀልጥለትም። ሱፐር ግሉ ይይዛል፤ ግን መርከቧ አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀች ይለቃል። ስለዚህ ሞተሯንም አካሏንም በእጅ በምትዞር ትንሽ ትራፓኖ በስቼ በመካከላቸው የናስ ሽቦ ሰካሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ሽቦ እቆርጣለሁ! እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፊልም ሞዴል ሠሪዎች የመጫወቻ ታንክ ቁርጥራጭ በጠፈር መርከቦቻቸው ገላ ላይ ይለጥፉ እንደነበር ታውቃለህ? ዓይን ዝርዝር ሲበዛበት ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል። እኛም የተበላሸ ራዲዮ ፈትተን ለሽቦ መኪናችን ሞተር አድርገንላት ነበር፤ የራዲዮው ባለቤት መበላሸቱን ባያምኑም።

አንተን ያስቀህ ይሆናል የምለውን ልንገርህ። የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር ተጣብቆበት የሚነሣው ትልቁ የነዳጅ ጋን እ.ኤ.አ. በ1981 በተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ነጭ ተቀብቶ ነበር። ከዚያ ቀለሙን ተዉት፤ በዚያ ብቻ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ቀነሱ። በኋላ በፎቶግራፍ ያየነው የዝገት መልክ የመከላከያ አረፋው የራሱ መልክ ነው። አንድ ደንበኛህ «ሦስተኛ እጅ ድገምልኝ» ሲልህ ይህን ንገረው።

ትንሽ ነገር መቀባት ከትልቅ ይከብዳል። መርከቧ ብታንስም የክፍሌ አምፖል አብሮ አያንስላትም፤ ስለዚህ ጥላዋን ራሴ መቀባት አለብኝ። እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፈስስባታለሁ፤ እየወረደ ስንጥቆቹ ውስጥ ይተኛል። ከደረቀ በኋላ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ቀለም የሌለው እስኪመስል ጠርጌ ጠርዞቿን ዳበስ ዳበስ አደርጋለሁ፤ ተደብቆ የነበረው መስመር ሁሉ ብቅ ይላል። የሞተሩን እሳት መሐሉን ነጭ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ገና የሚሆን ነው። ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም የመሠረት ቀለም፣ ለመርጨት ደረቅ ቀን ስጠብቅ ሦስት ሳምንት ዘነበ። ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች፤ ሁለት ስስ እጅ ረጨሁ። ግራጫው የደበቅኩትን ጉድ ሁሉ አወጣው፤ ሆዷ ሥር ያመለጠኝን ቀዳዳ ሳይቀር። እንደገና ደፈንኩ፣ እንደገና ፋቅኩ፣ እንደገና ረጨሁ። አሁን መስኮቱ ላይ ናት። ገበያው ላይ ሰማያዊ ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው የዚያች ቮልስ ሰማያዊ ግን የለም።

ያቺን ቮልስ ስትቀባ ነጩ ላይ ሰማያዊ አፍስሰህ ጥቁር ጠብ ታደርግበት ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አረንጓዴም ነበረበት ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩት? እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ካላነሣህልኝ በሚቀጥለው እሑድም እደውላለሁ። እስከዚያ ግራጫ ላይ ትቆያለች።

ወንድምህ