የቆሻሻ ደረሰኝ ለጠየቁን የጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት ገብቶ ጠፋ። ሁለተኛው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለ፤ የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ሦስተኛውን ይዤ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ደግነቱ አንድ ሠራተኛዎ መፍትሔ አላጡልኝም፦ «የተወሰደባችሁ ንብረት ነው ካላችሁ የተገዛበትን ደረሰኝ አቅርቡ።»

የፌስታል ደረሰኝ። የተጣለ ጠርሙስ ደረሰኝ። የባዶ ቀለም ጣሳ ደረሰኝ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ጽሕፈት ቤትዎ በፈቀደልን መጋዘን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን፣ ከየቤታችን ከሚወጣው ጥራጊ የቤት ዕቃና ጌጣጌጥ እንሠራ ነበር። ፈቃዱ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። አንድ ማለዳ መኪናችሁ መጣና «ግቢው ይጽዳ ተብሏል» ተብሎ ያለው ሁሉ ተጭኖ ሄደ። ቀድሞ የነገረን የለም። ከሰዓት በኋላ ስንደርስ የበሩ ቁልፍም ተቀይሯል።

ከተጫነው ውስጥ የአንዲት እናታችን ምንጣፍ ነበረበት። እንዴት እንደሚሠራ አይተው ያውቃሉ? ፌስታሉ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይታጠፍና በሁለት ጣት ስፋት አግድም ይቆረጣል። የሚወጡትን ቀለበቶች አንዱን በአንዱ አሹልከው ሲስቡት ክር ይሆናል፤ ያንን በወፍራም ኪሮሽ ይሠሩታል። ሰው የሚያስተኛ ምንጣፍ ከ500 በላይ ፌስታል ይበላል። እሳቸው አራት ወር ለፍተውበታል፤ ጥቁሩን ለጠርዝ፣ ሰማያዊውን ለመሃል እየለዩ። የቀራቸው አንድ ስንዝር ነበር። ኪሮሹ እንደተሰካበት ሄደ። ሲነገራቸው «ምነው ኪሮሹን እንኳ ነቅለው ቢተዉልኝ» አሉና ዝም አሉ።

የሠራነው ሁሉ ያምራል አልልዎትም። ከሃይላንድ ቆርጠን ካበጀናቸው አበባዎች አንዳንዶቹን እኔም ቤቴ አላስገባቸውም። የዓለምን ቆሻሻ እንጨርሳለን ያለም የለም። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ዳግም የተመረተው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ተሰልቷል፤ ለፋብሪካ ያልተቻለውን በመቀስና በሙጫ አንችለውም። ግን መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ መልሶ መጠቀም፣ ከዚያ ዳግም ማምረት፣ መቅበር የመጨረሻ ነው። ይህን ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። ማርች 30፣ ዓለም አቀፉ የዜሮ ቆሻሻ ቀን ሲከበር፣ መድረክ ላይ ቆመው ቅደም ተከተሉን የነገሩን እርስዎ ነዎት።

ያን ዕለት ከጎንዎ ሲበራ የነበረው አረንጓዴ መብራት የእኛ ነው። ጠርሙሱን በመስታወት መቁረጫ ዙሪያውን ጭረን፣ በፈላና በቀዝቃዛ ውሃ እያፈራረቅን ነው ቂጡን የለየነው። ሦስት ጠርሙስ ተሰነጠቀብን፤ አራተኛው እሺ አለ። ጠርዙን ዱቄቱ ሳንባ እንዳይገባ ውሃ እያስነካን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ሳይወዱት አልቀሩም፣ ከመድረኩ በቀጥታ ወደ ቢሮዎ ሄደ። እኛ ደረሰኝ አልጠየቅንዎትም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መኪናው መጣ። ይኸው መብራት መጋዘናችን ውስጥ ቢገኝ ኖሮ አብሮ አይጫንም ነበር?

በህንድ ቻንዲጋር ከተማ ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት መሬት ላይ ተደብቆ ከተሰባበረ ሸክላ፣ ከጠርሙስና ከቤት ፍርስራሽ ምስል ሲያቆም ኖረ። በ1975 ባለሥልጣናቱ ደረሱበት። ፈቃድ የለውም፤ እናፍርሰው ቢሉ ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው። በ1976 ግን ቦታውን ለሕዝብ ከፈቱት፤ ለሰውየው ደመወዝ ቆርጠው 50 ሠራተኛ ሰጡት። እኛ እኮ ፈቃድ ነበረን፣ ክቡር ኃላፊ። በእርስዎ ፊርማ።

ቁልፉ ይመለስልን። ምንጣፉ ከተገኘ ለእናታችን ይድረስ፤ ካልተገኘ ቢሮዎ ጠርተው እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፣ በሠራተኛ አይሁን።

መብራቱን አንጠይቅም። ብቻ ማብሪያ ማጥፊያው ላላ ያለ ነው፤ ሰሞኑን ብልጭ ድርግም ሳይልብዎት አይቀርም። መጥተን ልናጠብቅልዎ አስበን ነበር። መፍቻው አብሮ ተጭኗል።

ከቅዳሜዎቹ አንዱ