«ካርቱን» ስላላችሁት ነገር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ሳምንት ጋዜጣችሁ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ወጣቱ የጃፓን ካርቱን ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ከንባብና ከጽሕፈት ተፋቷል ይላል። የሌላውን አላውቅም። እኛ ተጥደን የምናወራው ግን ስለ መጻፍ ነው፤ ያውም መጻፍ ስላቃተን።

አራት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንድ ካፌ እንገናኛለን። ሁላችንም ልብ ወለድ ጀምረናል፣ የጨረሰ የለም። እኔማ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነካካው ከርሜያለሁ። መጀመሪያ ዝናብ ነበር፣ ፀሐይ አደረግኩት፣ ከዚያ መልሼ ዝናብ። ሴትዮዋ እስካሁን «ወራጅ አለ» ማለት አቅቷት ታክሲ ውስጥ ናት።

ወሬያችን ሁሌ የሚያልቀው ሀንተር ኤክስ ሀንተር የሚባል የጃፓን ታሪክ ላይ ነው (ኤክሷ አትነበብም፣ ሀንተር ሀንተር ነው የሚባለው)። አኒሜው፣ ማለትም ካርቱን ፊልሙ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ላይ 148ኛው ክፍል ላይ ቆመ። ታሪኩ ግን አላለቀም። ደራሲው ዮሺሂሮ ቶጋሺ ማንጋውን፣ ማለትም ፊልሙ የተሠራበትን የሥዕል ታሪክ፣ የጀመረው በ1998 ነው፤ ወራት ይጽፋል፣ ዓመታት ይጠፋል። አንዱ ጓደኛችን «ሰነፍ ነው» ብሎ ዘግቶታል። እኔ ደሞ ወገቡን እላለሁ። ሰውዬው በጣም ታሞ ነበር፣ ሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በየሳምንቱ 20 ገጽ አካባቢ የሚጠብቅ መጽሔት ላይ እየሳሉ ወገብ ቢከዳ ምን ይገርማል?

ዋናው ጭቅጭቃችን ግን ሌላ ነው። ከሀንተር ሀንተር አንዱ ክፍል የሆነው የጉንዳኖቹ ታሪክ መጽሔቱ ላይ ሲወጣ አንዳንድ ሳምንት ገጾቹ ሳይጠሩ፣ እንዲሁ በንድፍ ታትመዋል። የተጫጫረ ፊት፣ ባዶ ጀርባ። በኋላ በመጽሐፍ ሲወጣ ነው ያስተካከላቸው። ጓደኛዬ «አንባቢን መናቅ ነው» ይላል። እኔ ግን ቀናሁ! ምክንያቱም የጉንዳኖቹን ንጉሥ ሜሩኤምንና ኮሙጊ የምትባለውን ልጅ ያገኘነው እዚያው ታሪክ ውስጥ ነው። ሁሉን መግደል የሚችል ንጉሥ፣ ንፍጧን መጥረግ የማትችል ዓይነ ስውር ልጅ ፊት ተቀምጦ በገበታ ጨዋታ ይሸነፋል፣ ደግሞ ይሸነፋል፣ ሊሞት ሲል እንኳ እየተጫወተ ነው። (ያላያችሁ፣ ይቅርታ።) እኔ እዚያ ጋ አልቅሻለሁ።

«ያለቀስሽው እኮ አኒሜ ሠሪዎቹ አሳምረውት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ያየሁት ከነሙዚቃው ነው። ግን ቶጋሺ መጀመሪያ ባያወጣው ምኑን ነበር የሚያሳምሩት?

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንዷ ሌላ ነገር አነሳች። በ2023 ቶጋሺ ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ደብዳቤ ልኮ ነበር። ሳልጨርሰው ከሞትኩ መጨረሻው ይሄ ይሁን ብሎ፣ ካሰባቸው መጨረሻዎች አንዱን ጽፎ ሰጠ። ዝም አልን። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺስ ብትሞቺ፣ ሴትዮዋ ታክሲ ውስጥ ትቅር?» አላለችኝም!

ሳቅን። እኔ ግን ቤት እስክገባ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ምንም ሳልነካካ፣ «ወራጅ አለ» አስባልኳት። ሾላ ጋ ወረደች። ዝናብ ይሁን ፀሐይ ገና አልወሰንኩም፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።

ያንን ጽሑፍ የጻፉት ሰው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጡ ደስ ይለናል። ማኪያቶው በእኛ ነው። ያላለቀ ነገር ካላቸው ይዘው ይምጡ።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ