ዲጂታል ፒያኖ ሲገዛ ከጀርባው ያለው ቀዳዳም ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአነስተኛ ገንዘብ ለልምምድም ለኮምፒውተር ቀረጻም የሚሆን ዲጂታል ፒያኖ የሚፈልጉ አንባቢዎች ሻጮች በሚደረድሩት የድምፅ ብዛት እንዳይማረኩ ለማሳሰብ እወዳለሁ። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ዘዴ፣ የሚያስተላልፈው ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካና ከ1 እስከ 127 በሚደርስ መለኪያ ምን ያህል ጠንክሮ እንደተመታ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ድምፁን የሚያወጣው ግን ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ መዋል ያለበት እንደ እውነተኛ ፒያኖ መዶሻና ክብደት ባላቸው 88 ቁልፎች ላይ ይመስለኛል።

ከጀርባው ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳም በደንብ ይታይ፤ አንዳንዱ ፍላሽ ለማንበብ ብቻ የተሠራ ነው፣ የሚያስፈልገው ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ነው። ብሉቱዝም ቢኖር ድምፁ ከጣት ወደኋላ ሊዘገይ ስለሚችል ለቀረጻ ገመድን እመርጣለሁ።

እኔ መጀመሪያ ከኮምፒውተር ጋር ባገናኘሁበት ቀን አንድ ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ሁለት ድምፅ እየተደራረበ ቢሰማኝ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ወደ ካርቶኑ እየከተትኩት ነበር። ለካስ ቁልፍ ሲነካ ፒያኖው የራሱንም ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርገውን፣ «ሎካል ኮንትሮል» የሚባለውን ማጥፋት ብቻ ይበቃ ኖሯል! ገዢው ይህ ማጥፊያ መኖሩን ከመመሪያው ላይ አስቀድሞ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ