የአጥቂዎቻችንን ታሪክ በአንድ ቅጣት ምት አትዝጉት

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፦

ስለ ብሔራዊ ቡድናችን አጥቂዎች በጻፋችሁ ቁጥር የሳላዲን ሰኢድ ስም ይነሳል። ደስ ይለኛል። ግን ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳንደርስ ያቺ ፍፁም ቅጣት ምት ትመጣለች። የ2005ቱ አፍሪካ ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ፣ ከዛምቢያ ጋር፤ በረኛቸው ሙዊኔ አዳነበት፣ አለቀ። ሰውየው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ኳስ ነክቶ የማያውቅ ይመስላል።

መሳቱን ማንም አይክድም። ጨዋታው ገና 0 ለ 0 ነበር፤ ዛምቢያ ደግሞ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ብትገባ ኖሮ እያልን ሁላችንም ተንገብግበናል። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ ጎል ገብቶብን፣ አዳነ ግርማ በ10 ሰው አቻ ባያደርገን ኖሮማ ንዴቱ ይብስ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ኔልስፕሩት ድረስ ማን ወሰደን?

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን መጥታለች። 2 ለ 0 ማሸነፍ ነበረብን፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሲሆን ከሜዳችን ውጭ ያገባናቸው ጎሎች ያሳልፉናል። አሸነፍን። አንዱ የአዳነ ነው፣ ሌላው የሳላዲን። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባነው በእነዚያ ሁለት ጎሎች ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት 2004 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሩስተንበርግ ላይ ደቡብ አፍሪካን 1 ለ 1 ስንይዝ የእኛን ጎል ያገባው እሱው ነው። እነዚህ ጽሑፋችሁ ውስጥ ሲነሱ አላይም። የሳታት ግን በየዓመቱ ትነሳለች።

የክለብ ሕይወቱም በአንድ መስመር ያልፋል፦ «በውጭ አገር ተጫውቷል»። የት የት? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ፣ ወደ ቤልጅየሙ ሊርስ፣ ከዚያ ወደ ግብጹ አል አህሊ፣ ከዚያ ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር፣ ተመልሶ ጊዮርጊስ። አል አህሊ ለማንም በሩን የሚከፍት ክለብ አይደለም። ከኢትዮጵያ ሄዶ እዚያ አጥቂ መሆን ምን እንደሚመስል አንድ ሙሉ ገጽ ቢጻፍበት አይበዛም።

ፍቅሩ ተፈራን ደግሞ ከነጭራሹ ረስታችሁታል። ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናም ዞሯል። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ኮልካታ ላይ የህንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። የህንድ ኳስ ወዳጆች ይቺን ለጥያቄና መልስ ውድድር ይጠይቋታል። እኛ ሰፈር ስንቱ ወጣት ያውቃታል?

ችግሩ የክፋት አይመስለኝም፤ መዝገብ የለንም። የሰፈር እድር እንኳ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ በደብተር ይይዛል። የእኛ ሊግ ግን አጥቂ ጡረታ ሲወጣ በጠቅላላው ስንት አገባ ቢባል አንዱ ሬዲዮ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ሌላ ቁጥር ይነግርሃል። ቁጥር ሲጠፋ የሚቀረው የሰው ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ የተሳተ ቅጣት ምት ይወዳል።

ያሉንን ቁጥሮችም ቢሆን በትክክል አናነባቸውም። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል 24 ጎል አገባ፤ በአንድ የሊግ ዓመት ክብረ ወሰን ነበር። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ለደደቢት 25 አግብቶ ሰበረው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 አደረሰው። እስከዚህ ሁላችሁም ጽፋችኋል። ያልጻፋችሁት ይኸውላችሁ። ጌታነህ 25ቱን ሲያገባ ሊጉ 16 ክለብ ነበረው፤ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል። አቡበከር 29ኙን ሲያገባ ክለቦቹ 13 ነበሩ፤ ስለዚህ ቢበዛ 24 ጨዋታ ነው። በጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው! ይሄ የትም ሊግ ቢሆን ያስደነግጣል። ርዕስ መሆን የነበረበት ይሄ ነበር።

የአቡበከር ዕድሉ ሌላም ነገር ነው። ያ ዓመት ሊጋችን በደቡብ አፍሪካው የሳተላይት ቴሌቪዥን በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረበት ነው፤ ጎሎቹ በሙሉ ተቀርጸዋል። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ክለብ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ደቡብ አፍሪካዎቹ ልጁን ያገኙት በዚያው ስክሪን ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ዮርዳኖስ በዘመኑ ካሜራ አልነበረውም፤ የመን ሄዶ ነው ኳሱን እንጀራ ያደረገው። እግሩ ያንስ ነበር? አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ መቀመጫ ቁጭ ብለው ያዩትን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ስለ አቡበከር «አልሆነለትም» ማለት ተጀምሯል። ጉዳት ደጋግሞ ያስቀመጠውን ልጅ ጎሉን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ምን ይባላል? ስንት ደቂቃ ሜዳ ውስጥ ነበር? በየትኛው ቦታ ተሰለፈ? አጥቂ በደቂቃ ነው የሚለካው። ይሄን ሳትጽፉ ፍርዱን አትጻፉ።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛምቢያን የገጠምነው ጥር 13 ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነውም ጥር 13 ነው። በተጨማሪ ሰዓት አራተኛዋን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ብቻ 10 ጎል አለው፤ ይሄን የምናውቀው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስለያዘው ነው። ለጊዮርጊስ ያገባቸውስ? የሳላዲን ቅጣት ምት በዚያ ቀን ላይ መውደቋን በወቅቱ አንድ ጋዜጠኛ ቢያስታውሰን ጨዋታውን በሌላ ዓይን እናየው ነበር።

የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። በሳምንት ግማሽ ገጽ ስጡ። አንድ አጥቂ ያዙ። ያገባውን፣ ያገባበትን ቡድን፣ ቀኑን፣ ሜዳውን ጻፉ፤ የሳተውንም አብራችሁ ጻፉ። የድሮ ጋዜጦች ቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ። ደብተር ይዘው ስታዲየም ይገቡ የነበሩ ደጋፊዎችም ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንድ ማስታወቂያ ብታወጡ ራሳቸው ይመጣሉ። በዮርዳኖስ 24 ጎሎች ጀምሩ። በማን በማን ላይ እንደገቡ አንድ በአንድ ማንበብ እፈልጋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ